በኤመት ዓሣ ሆድ የተገኘው እርሳስ

ሆሊስ ራገን ሊፈታው የተነሣው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ማንም ሳያይ የተያዘ ዓሣ ትልቅነቱ በምን ይረጋገጣል?

ለሌላ አገር ሰው ቀላል ይመስላል፤ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማንበብ ነው። እዚህ ደቡብ አላባማ፣ በቶሎካ ሐይቅ ዳር ለምንኖር ግን ከዚህ የከበደ ጥያቄ የለም። ባስ የሚባለው አፈ ሰፊ ዓሣ የሚያዘው በጠዋት፣ ጭጋግ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰውና በአንድ ጀልባ ነው። ሰውየው ወደ ዳር ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ ከውሃ በወጣ ቁጥር ይፋፋል። የሐይቁ ክብረ ወሰን አሥራ አምስት ፓውንድ ከሦስት አውንስ ነበር፤ በኪሎ ሰባት ሊሞላ ጥቂት የቀረው። እሱን የሰበረ ሰው ስሙ በሐይቁ ማኅበር መዝገብ ይሰፍራል፤ የልጅ ልጁ ሳይቀር በዚያ ስም ይጠራል። ስለዚህ በየዓመቱ አራት አምስት ሰው ሰበርኩት እያለ ይመጣ ነበር።

ሆሊስ እንጀራው ሚዛን ነበር። በመንግሥት መኪና እየዞረ የሱቁን፣ የኦቾሎኒ መጋዘኑን፣ የከብት ገበያውን ሚዛን በናስ የሚዛን ድንጋዮቹ ይፈትሻል፤ ትክክል ሆኖ ካገኘው የዓመቱን ምልክት ይለጥፍበታል። ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሳይጠየቅ የማይናገር ሰው ነው። ማኅበሩ የዓሣውንም ጉዳይ ለሱ ሰጠው። ያለ ምንም ክፍያ ሃያ ሁለት ዓመት ሠራው።

አሠራሩን ላስረዳችሁ፤ አንድ ሥራ በትክክል ሲሠራ ማየት ደስ ይላልና። ሆሊስ መጀመሪያ የሚመረምረው ዓሣውን አይደለም፤ ሚዛኑን ነው። ሚዛን በአንድ ፓውንድ ላይ እውነቱን ተናግሮ በአሥራ አምስት ላይ ሊዋሽ ይችላል። ስለዚህ በዓሣው ክብደት ልክ የናስ ድንጋይ ይጭንበታል፤ ከዓሣው በፊት አንዴ፣ ከዓሣው በኋላ አንዴ። ዓሣው በእርጥብ ከረጢት ይመዘናል፤ ከረጢቱ ብቻውን ተመዝኖ ይቀነሳል። ቀጥሎ በልብስ ሰፊ ሜትር ርዝመቱን ከተዘጋው አፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ፣ ውፍረቱን ደግሞ ሆዱ በሰፋበት ቦታ ይለካል፤ ሁለቱንም በኢንች። ከዚያ የምወደው ሒሳብ ይመጣል። ውፍረቱን በራሱ ያባዛል፤ ያንን በርዝመቱ ያባዛል፤ ለስምንት መቶ ያካፍላል። የሚወጣው ቁጥር ሚዛኑ ከሚያሳየው ፓውንድ ጋር ይቀራረባል። ተፈጥሮ እንዲህ ያለ ነገር ማድረጓ ይገርመኛል። ሚዛኑ ከሒሳቡ በጣም ከበለጠ ግን ሆዱ ውስጥ ከሥጋ የሚከብድ ነገር አለ ማለት ነው።

ሒሳቡ ለማይዘው ትንሽ ነገር ደግሞ በር ላይ ጠባቂዎች የሚይዙት ዓይነት የብረት መፈተሻ አለው። በሆዱ ላይ ያሳልፈዋል። ጮኸ ማለት ዓሣው ይከፈታል።

በመጨረሻ ሰውየውን ብቻውን ያስቀምጥና እንዴት እንደያዘው ይጠይቀዋል። በዚህ ላይ ያገኘውን ነገር ራሱ ነው የነገረኝ። ውሸታም ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል ይናገራል። ትልቅ ዓሣ በእውነት የያዘ ሰው ግን ከመሃል ይጀምራል፤ ዓሣው ከጀልባው ሥር ሲገባ፣ ክሩ ሞተሩ ላይ ሊጠመጠም ሲል፣ ከዚያ ነው የሚጀምረው። መነሻውን ትጠይቀዋለህ፤ እሱ ተመልሶ እዚያው መሃል ይገባል።

ኤመት ሶልስ ከመሃል ነበር የጀመረው።

ኤመት የሆሊስ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ነበር። የመኪና ጎማ ቤት ይሠራል። ሰፊ ሰው፣ ሲስቅ ጀልባ የሚያወዛውዝ። ጎማ ለማመጣጠን ከቸርኬው ጠርዝ ላይ የሚመታው ትንሽ እርሳስ ሲያረጅ ይጣላል፤ ኤመት ግን በባልዲ ይሰበስበውና ቤቱ ጓሮ አቅልጦ የመንጠቆ ማስጠሚያ ያደርገዋል። ማስጠሚያ ማለት ጥይት የሚመስል፣ መሃሉ የተቦረቦረ፣ ክር የሚያልፍበት እርሳስ ነው፤ ዓሣ ለማታለል መንጠቆው ላይ የሚሰካውን የላስቲክ ትል ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። የኤመት ማቅለጫ ቅርጽ ጫፉ ላይ ጭረት ነበረው፤ ስለዚህ ከሱ እጅ የወጣ ማስጠሚያ ሁሉ አፍንጫው ላይ ፀጉር የምታክል መስመር አለችው። በየገናው በብርጭቆ ማሰሮ እየሞላ ለሁሉም ያድላል፤ ለሰባኪው፣ ለፖስተኛው፣ ለማይወደው አማቹ ሳይቀር። የመንጠቆ ሱቁ ባለቤት ፕሩዊት፣ “ይህ ሐይቅ ቢደርቅ የኤመትን እርሳስ ሰብስቤ ጡረታ እወጣለሁ” ይል ነበር።

ሆሊስና ኤመት ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ጀልባ ነበር የሚወጡት። አንድ ክረምት ሠላሳ የሚሆኑ የጥድ ዛፎች ከብሎኬት ጋር አስረው ሰሜን በኩል ካለው ሰርጥ አሰጠሙ፤ ዓሣ እንዲጠለልበት። ጓዳ ብለው ሰየሙት። መጀመሪያ ሁለቱ ብቻ ያውቁት ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ግማሹ አገር ያውቀዋል። ቅርንጫፉ ክር ይበጥሳል፤ እዚያ ያጠመደ ሰው ሁሉ ትልና ማስጠሚያ ትቶ ነው የሚሄደው።

የሚጨቃጨቁት በአንድ ነገር ነበር። ማስጠሚያው በክሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስለሚንሸራተት አንዳንድ ሰው የስቴኪኒ ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ይከትና ይሰብረዋል። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ እርሳሱና ትሉ ተጣብቀው ቅርንጫፍ መሃል ይወርዳሉ። ሆሊስ ሁልጊዜ ይወትፋል። ኤመት አንድም ቀን ወትፎ አያውቅም። ስቴኪኒ ለጥርስ ነው፣ ትሉ ይተንፍስበት ይላል፤ ሆሊስን ደግሞ ዓሣውን ሳይቀር ሸሚዙን እስከ አንገት ሊያስቆልፈው የሚፈልግ ሰው እያለ ያሾፍበታል።

ነገሩ የተበላሸበትን ምክንያት ለመረዳት ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ከሐይቁ ማዶ የመጣ አንድ ሰው ትልቅ ባስ አቀረበ፤ መፈተሻው ጮኸ። ሰውየው ወዲያው ዓሣውን አቅፎ ወደ መኪናው ሊሮጥ ሲል ያዙት። በሆዱ ሁለት እርሳስ ተገኘ፤ በጉሮሮው እንደከተተውም አመነ። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ሁለት ነገር ደነገገ። መፈተሻው ከጮኸ በኋላ ማንም ለክብረ ወሰን ያቀረበውን ዓሣ መልሶ መውሰድ አይችልም። በቅጹም ላይ አሥራ አራተኛ መስመር ተጨመረ፤ በሆድ ውስጥ የተገኘ ባዕድ ነገር “ዓሣው ራሱ የዋጠው” ወይስ “በሰው እጅ የገባ”? መጀመሪያው ከሆነ የእርሳሱ ክብደት ይቀነሳል፤ ቀሪው ይጸድቃል። ሁለተኛው ከሆነ የሰውየው ስም አጭበርባሪዎች በሚለው ዝርዝር ገብቶ በየመንጠቆ ሱቁ በር ይለጠፋል። ሆሊስ በዚያ ሥራው ተመሰገነ። ግን ደግሞ አንድ ወሬ ከኋላው ቀረ፤ ባዕድ ስለሆነ ነው የጨከነበት፣ የራሱ ሰው ቢሆን ያሳልፈው ነበር የሚል። ሰማው። 

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ሆሊስ የከብት ገበያ ሚዛን ሊፈትሽ ሄደ፤ ኤመት ብቻውን ወጣ። ሦስት ሰዓት ላይ ፕሩዊት ስልክ ደወለ። ሆሊስ ሲደርስ ሱቁ ፊት ሃያ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። ባሷ በሕይወት አለች፤ በኤመት ጀልባ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ዙሪያዋን ትዞራለች። እንቁላል የሞላች ሴት ናት። ኤመት ከመሃል ጀምሮ ያወራል፤ ከጓዳ እንዴት እንዳወጣት፣ ጥድ ላይ ሁለቴ እንደተጠመጠመች፣ በክር ሳይሆን በጸሎት እንደጎተታት።

ፕሩዊት የተቀቀለ ኦቾሎኒ እየላጠ ሚዛኑ አጠገብ ቆመ። “እንግዲህ ዛሬ” አለ፣ “ሚዛኑ ወዳጅ ያውቅ እንደሆነ እናያለን።” ሰው ሳቀ። ኤመትም ሳቀ። ሆሊስ አልሳቀም።

የናስ ድንጋዮቹን ጫነ፤ ሚዛኑ ልክ ነው። ዓሣዋን መዘነ፤ አሥራ አምስት ፓውንድ ከአምስት አውንስ። ሰው አጨበጨበ። ርዝመቷንና ውፍረቷን ለካ፤ ሒሳቡ ከሚዛኑ ጋር ተቀራረበ። ከዚያ መፈተሻውን በሆዷ ላይ አሳለፈ። ጮኸ።

ኤመት መጀመሪያ ቀለል አድርጎ ነበር ያየው። መንጠቆ ውጣ ይሆናል አለ። ዓሣዋ መከፈት እንዳለባት ሲገባው ግን ፊቱ ተለወጠ። ሆሊስን ወደ ጎን ወሰደውና ክብረ ወሰኑ ይቅርብኝ፣ እንቁላሏን ትጣል፣ ልመልሳት አለው። ሆሊስ ደንቡን ነገረው። ይህን ሲነግረው ግን ውስጡ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ የዚያ የማዶው ሰው ሩጫ ትዝ አለው። ዓሣዋን ከሞት ለማዳን የሚለምን ሰውና ሆዷ እንዳይታይ የሚለምን ሰው ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ኤመት ራሱ ገደላት። ለሌላ ሰው አልሰጠም።

ከሆዷ ሦስት ማስጠሚያ ወጣ፤ እያንዳንዱ ግማሽ አውንስ። ከነሱ ጋር ሦስት ቡናማ፣ ያበጠ፣ የሚሟልጭ ቁራጭ ነበር፤ ሆሊስ በማስታወሻው “የተፈጨ ምግብ” ብሎ ጽፎ ወደ ባልዲ ጣለው። ማስጠሚያዎቹን በውሃ አለቅልቆ በነጭ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። የሦስቱም አፍንጫ ላይ የታወቀችው መስመር አለች። 

“ኤመት፣ እነዚህ የማን ናቸው?”

“የኔ ናቸው።” ቀና ብሎ የቆመውን ሰው አየ፤ ከዚያ ሆሊስን። “የሁሉም ሰው እኮ የኔ ናቸው። ያንተም ጭምር።”

በቅጹ ላይ ለመልስ የተተወው ቦታ አንድ ጣት አይሞላም። ሆሊስ “የኔ ናቸው ብሏል” ብሎ ጻፈ፤ ቦታው አለቀ።

ከዚያ አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ደረሰ። እርሳሱ ቢቀነስ ዓሣዋ አሥራ አምስት ፓውንድ ከሦስት አውንስ ተኩል ትሆናለች፤ በግማሽ አውንስም ቢሆን ክብረ ወሰኑን ትሰብራለች። ሁሉም ነገር በዚያች መስመር ላይ ቆሞ ነበር። ሆሊስ ሦስት እርሳስ በአንድ ሆድ አይቶ አያውቅም። ሦስቱም አንድ ልክ፣ ሦስቱም ከአንድ ሰው እጅ። ያመጣው ባዕድ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚጽፍ ራሱን ጠየቀ፤ መልሱንም ያውቀው ነበር። ያ ትክክለኛ ጥያቄ መስሎት ነበር። ባዕድ ሰው ለአገሩ ሁሉ ማስጠሚያ አያድልም፤ ኤመትን እንደ ባዕድ ለማየት ሲል ስለ ኤመት የሚያውቀውን ሁሉ ከሚዛኑ አወረደ።

“ታውቀኛለህ እኮ” አለው ኤመት ቀስ ብሎ።

“ቅጹ እሱን አይጠይቅም።”

“በሰው እጅ የገባ” በሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ኤመት ዓሣዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም አይተናል፤ ጥቂቶቻችንም አድርገነዋል። ኤመት ጎማ ቤት ገብቶ ጎንበስ ሲል፣ እርሳሱ ከበደህ እንዴ ይሉታል። ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ማስጠሚያ ይጥሉለታል፤ የራሱን፣ በገና የሰጣቸውን። በዚያ ዓመት ለገና በዓል ማስጠሚያ አላደለም። በሁለተኛው ዓመት ጀልባውን ሸጠ። በስድስተኛው ዓመት በልብ ሕመም ሞተ። ሚስቱ ኒታ ሬሳ ሣጥኑን የሚሸከሙትን ስድስት ሰዎች ስትመርጥ ሆሊስን አልጨመረችም። ቤተ ክርስቲያኑ የመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሲወጡ እጇን ዘረጋችለት፤ “ስለመጡ አመሰግናለሁ፣ አቶ ራገን” አለችው። ሠላሳ ዓመት አንተ ስትለው፣ ኩሽናዋ ገብቶ ድስት ሲከፍት ማማሰያ የምትወረውርበት ሰው ነበር።

ሆሊስ በዚያ ሁሉ ዓመት ኤመት ጋ አልሄደም። ኤመት አንድ ቀን መጥቶ ጥፋቱን ያምናል፣ ያኔ ይቅር እለዋለሁ ብሎ ይጠብቅ ነበር። ይህንን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ሲነግረኝ ፊቴን አላየም።

ኤመት በሞተ በዓመቱ ሆሊስ ጡረታ ወጣ። የሃያ ሁለት ዓመት ቅጾችና ማስረጃዎች ለማኅበሩ ሊያስረክብ እያንዳንዱን ፖስታ እየከፈተ ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክር ጀመር። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። የኤመትን ፖስታ ከፍቶ ሦስቱን ማስጠሚያዎች በመስኮት ብርሃን ላይ ሲያነሣቸው ብርሃኑ በቀዳዳቸው አላለፈም። ያኔ፣ በዚያች ቅዳሜ፣ ዝልግልግ የደፈነው መስሎት ነበር። አሁን ደርቋል። አጉሊ መነጽር አምጥቶ አየ። በሦስቱም ቀዳዳ ውስጥ የተሰበረ ስቴኪኒ አለ፤ በአንዱ ውስጥ ከእንጨቱ ጎን የተጣበቀ የክር ቁራጭ፣ ርዝመቱ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሐይቅ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው ልንገር። በዓሣ ጉሮሮ እርሳስ ለመክተት የተነሣ ሰው ቀዳዳውን በስቴኪኒ የሚወትፍበት ምክንያት የለውም። የተወተፈ ማስጠሚያ ክር ላይ የነበረ፣ ከትል ጋር ውሃ የወረደ፣ ቅርንጫፍ ላይ ተበጥሶ የቀረ ማስጠሚያ ነው። ዓሣዋ ትሉን አይታ ዋጠችው፤ እርሳሱ አብሮ ገባ። ሦስት ጊዜ። ኤመት ደግሞ በሕይወቱ ወትፎ አያውቅም። በጓዳ ሲያጠምዱ ከሚወትፉት አንዱ፣ ከሁሉም ይልቅ ብዙ የጣለው፣ ሆሊስ ነው። የሱ ናቸው ብሎ መማል አይችልም። አይደሉም ብሎም መማል አይችልም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ነገር እንደገና ጀመረ። “የተፈጨ ምግብ” ያለውን ለመረዳት የላስቲክ ትሎች እንደ ዓሣ ሆድ አሲድ እንዲሆንለት በኮምጣጤ ማሰሮ ዘፍዝፎ በረንዳው ላይ ደረደረ፤ በየማሰሮው ላይ ቀን ጻፈ። በሦስተኛው ሳምንት ትሎቹ ሁለት እጥፍ አብጠው፣ ቀለማቸውን ለቀው፣ ቡናማና ሟልጭ ሆኑ። ባልዲ ውስጥ የጣለው እሱን ነበር።

ኒታን ሊያናግራት ሄደ። በረንዳዋ ላይ አተር እየፈለፈለች አገኛት። ማስጠሚያዎቹንና አጉሊ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ስቴኪኒውን፣ ክሩን፣ የትሉን ነገር በቅደም ተከተል አስረዳት። እጇ መፈልፈሉን አላቆመም።

“ለኔ ምን ያሳዩኛል?” አለችው። “እኔ መቼ ጠረጠርኩት።”

“ላረጋግጥልሽ ብዬ ነው፣ ኒታ።”

“ኤመት ማረጋገጫ አልጠበቀም፣ አቶ ራገን። ይቅርታዎንም አልጠበቀም። ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ቦቲውን አድርጎ እዚች ወንበር ላይ ይቀመጣል። ‘ሆሊስ ሥራውን ነው የሠራው፤ ሥራ ሌላ፣ ጓደኛ ሌላ፤ ይመጣል’ ይለኛል። አንድ ዓመት ሙሉ። ከዚያ ቦቲውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠው።”

 ሆሊስ ማስጠሚያዎቹን ሰብስቦ ሊነሣ ሲል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ የኤመት ስም ከመንጠቆ ሱቁ በር ላይ ይነሣ እንደሆነ። እሞክራለሁ አላት። እሷም፣ ይሞክሩ፣ አለች።

ለማኅበሩ ስድስት ገጽ ጻፈ። ኮሚቴው ከሁለት ወር በኋላ በጨዋ ቃል መለሰለት። የተወተፉ ማስጠሚያዎችን ከውሃ ዳር ለቅሞ በዓሣ ሆድ መክተት እንደሚቻል፣ በቶሎካ ሐይቅ ሦስት እርሳስ የዋጠ ባስ ተመዝግቦ እንደማያውቅ፣ ዓሣዋም አሁን እንደሌለች ገለጸ። ለውሳኔው ዋነኛ ምክንያት ያደረገው ግን የመርማሪውን ቃል ነበር፤ በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ስህተት ያልተገኘበት፣ ለወዳጁ እንኳ ያላደላ ሰው የሰጠው ምስክርነት በቀላሉ አይሻርም ይላል። ኮሚቴው በሆሊስ ላይ የጠራው ምስክር ሆሊስን ነበር።

ስለዚህ ሦስት እርሳስ የዋጠ ሌላ ባስ ፍለጋ ወጣ። አራት ዓመት በየውድድሩ፣ በየዓሣ ማጽጃው ጠረጴዛ ቆሞ የሞቱትን ዓሦች ሆድ እየለመነ ከፈተ። ስድስት መቶ አርባ ሆድ። በአሥራ አንዱ እርሳስ ተገኘ፤ በአንዱ ሁለት። በጓሯችን የሚዋኘው ዓሣ እንዲህ እርሳስ እንደሚበላ ማናችንም አናውቅም ነበር፤ ይህ ብቻውን ለማወቅ የሚገባ ነገር ነው። ሦስት ግን የለም።

በዚህ ዓመት በታኅሣሥ ግድቡን ለመጠገን ሐይቁን ሦስት ሜትር ዝቅ አደረጉት። እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም። በጥር መጀመሪያ ሆሊስ በሰሜኑ ሰርጥ በኩል ሲሄድ ጓዳ ከጭቃው ላይ ቆሞ አገኘው፤ የጥዶቹ አጥንት፣ ብሎኬቶቹ፣ በየቅርንጫፉ የተንጠለጠለ ክር።

አሁን የሚያደርገው ይህን ነው። ቦታውን በችካልና በሲባጎ አርባ ካሬ አድርጎ ከፍሎታል። በየካሬው ተንበርክኮ ጭቃውን በወንፊት ያሳልፋል። ለእያንዳንዱ ማስጠሚያ አራት ነገር ይጽፋል፤ የተገኘበትን ካሬ፣ ክብደቱን፣ አፍንጫው ላይ መስመር መኖር አለመኖሩን፣ ስቴኪኒ መኖር አለመኖሩን። እስከ ትናንት ሦስት መቶ ስምንት አግኝቷል። የኤመት ሁለት መቶ ሰባት። ከነዚያ የተወተፉት ሰባ አራት። ለኮሚቴው ሊያሳይ የሚፈልገው ይህን ነው፤ ያቺ ዓሣ ዕድሜዋን የኖረችው በኤመት እርሳስ መሃል ነበር፣ በሆዷ የተገኘው ማዕዷ ላይ የነበረው ነው። ይህ ሙሉ ማስረጃ እንዳልሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ኮሚቴው አምጣና እናነበዋለን ብሏል።

ትናንት ፕሩዊት ትኩስ ኦቾሎኒ ይዞለት እስከ ጭቃው ጠርዝ መጣ። ሰባ ዓመት ሞልቶሃል፣ ወገብህ ይቆረጣል፣ ሰውየው እንደሆነ አይሰማህም አለው። ሆሊስ ከወንፊቱ ቀና አላለም።

“ስሙ በርህ ላይ ነው ያለው፣ ፕሩዊት። ያንተ በር ላይ።”

ፕሩዊት ማኅበሩ ካላዘዘ ማንሳት እንደማይችል ተናገረ። ሆሊስም ያንን እንደሚያውቅ፣ ደንቡን ካረቀቁት አንዱ እሱ እንደሆነ መለሰለት። ፕሩዊት ኦቾሎኒውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ጥገናው አልቋል፤ በየካቲት አጋማሽ ግድቡ ይዘጋል። ውሃው በቀን አንድ ስንዝር ይነሣል ተብሏል፤ ጓዳ ላይ ለመድረስ ሦስት ቀን ይበቃዋል። ከአርባው ካሬ ሃያ ሦስቱ ተጠናቅቀዋል፤ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ ሆሊስ በሃያ አራተኛው ላይ ነበር፤ ጉልበቱ ሥር ጆንያ አንጥፎ፣ አንድ ማስጠሚያ በጣቱ ይዞ ወደ ፀሐይ ያነሣና ብርሃኑ በቀዳዳው ያልፍ እንደሆነ ያያል።